የቤተሰብ ክሩዙን ትታችሁ ወደ ትንሿ መርከብ ልትዛወሩ ላሰባችሁ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ ለገጣፎ ከሆቴል ማሠልጠኛ የተመረቁ ልጆች ብዙ ናቸው። ኮንትራታቸውን ጨርሰው ለዕረፍት የመጡ የመርከብ ሠራተኞችም አሉ። ሰሞኑን ከአፋቸው የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ የቤተሰብ ክሩዙን ትቼ ወደ ትንሽ ቅንጡ መርከብ ልዛወር ወይ?» ይሉኛል። ክሩዝ የሚሉት ቤተሰብ ከነልጆቹ የሚጓዝበትን ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ነው። በሁለቱም ዓይነት መርከብ ላይ ሠርቻለሁ። በአስተናጋጅነት ጀምሬ የምግብ አዳራሽ ኃላፊ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ለአንዱ ታክሲ ተራ፣ ለሌላው ሱቅ በር ላይ ቆሜ በጥድፊያ ከምመልስ ልጻፈው ብዬ ነው።

ተዛወሩ እላችኋለሁ። ግን ትልቁ መርከብ የሚያስተምረውን ሳትማሩ አትቸኩሉ።

ልዩነቱ ከቁጥሩ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከማያሚ ሥራ የጀመረችው የቤተሰብ መርከብ፣ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ፣ 20 ፎቅ አላት። በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ቢያድር 5,610 እንግዳ ትይዛለች። ጢም ብላ ስትሞላ እስከ 7,600 ይደርሳል። ሠራተኞቿ 2,350 ናቸው። በሌላው ጫፍ የሲድሪም ኩባንያ መርከቦች አሉ፤ አንዷ የምትይዘው 112 እንግዳ፣ 95 ሠራተኛ ነው። በትልቋ ለአንድ ሠራተኛ ከሁለት በላይ እንግዳ ይደርሰዋል። በትንሿ አንድ ለአንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሲልቨርሲና ሲቦርንን የመሳሰሉት የቅንጡ መርከብ ኩባንያዎች ደግሞ ጥቂት መቶ እንግዶችን እየያዙ መሃል ላይ ይገኛሉ።

ትልቁ መርከብ የሠርግ ድንኳን ነው። ሰው ይጎርፋል፣ ወጥ ሳይቀዘቅዝ መድረስ አለበት፣ ማንም ሳይበላ እንዳይወጣ ትሯሯጣላችሁ። ትንሹ መርከብ ግን ቤታችሁ የመጡ ሦስት አራት እንግዶች ናቸው። ማን ቡና እንደማይጠጣ፣ የማን ወገብ እንደሚያም ካላወቃችሁ ያሳፍራል።

በቤተሰብ መርከብ ላይ እንግዳው በተመደበለት ሰዓትና ጠረጴዛ የሚበላበት አሠራር አሁንም አለ። አንድ ቤተሰብ ሳምንቱን ሙሉ የእናንተ ነው። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ጭማቂ ይደፋል፣ እናትየው ደክሟታል። እዚያ ላይ ጎበዝ አስተናጋጅ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። የሕፃኑን ሥጋ ወጥ ቤት ውስጥ አስቆርጦ፣ ከሁሉም አስቀድሞ ያመጣለታል። ሕፃኑ ሲበላ ዝም ይላል። ወላጆቹም የራሳቸውን ምግብ በትኩሱ ይበላሉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። እናትየው ግን መርከቡ ላይ ካለው የውኃ ሸርተቴ ሁሉ ይልቅ እሷን ታስታውሳለች። በሰው ብዛት መሃል እንዲህ ያለውን ነገር ማየት የለመደ ዓይን የትም ቢሄድ ይፈለጋል። ፍጥነትን፣ ትሪ አያያዝን፣ ከወጥ ቤት ሰዎች ጋር ሳይጣሉ መሥራትን የምትማሩትም እዚያው ነው።

ወደ ትንሹ ስትሻገሩ የመጀመሪያው ድንጋጤ የሚመጣው ከጠረጴዛው ነው። በቅንጡዎቹ መርከቦች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የተመደበ ወንበር የለም። እንግዳው ደስ ባለው ሰዓት፣ ከፈለገው ሰው ጋር፣ የፈለገበት ይቀመጣል። ስለዚህ «የእኔ ጠረጴዛ» የሚባል ነገር ይቀራል። ማንም እናንተ ጋ ሊቀመጥ ይችላል። መርከቡ ላይ ያለውን እንግዳ ሁሉ በስም፣ ከነሚወደውና ከማይስማማው ምግብ ጋር ማወቅ አለባችሁ። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ድሮ ከልጆቻቸው ጋር በትልልቆቹ መርከቦች ሄደዋል። አሁን የሚፈልጉት ጸጥታ ነው፤ ሰልፍ የሌለበት ቁርስ፣ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግዳ ነበሩ። ቀኝ እጃቸው ደክሟል፤ ለማንም ግን አልተናገሩም። ቡናቸውን በግራ እጃቸው ለማንሳት ስኒውን ሲያዞሩት ተመለከትኩ። በማግስቱ የስኒውን ጆሮ ወደ ግራ አዙሬ፣ ማንኪያውንም በግራ በኩል አስቀምጬ አቀረብኩላቸው። ምንም አላልኩም። እሳቸውም ምንም አላሉም። ጠጥተው ሲነሱ ትከሻዬን ቸብ አድርገውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ማንም ይሁን ማን ተረኛ፣ የእሳቸው ስኒ እንደዚያው እንዲቀርብ ለሁሉም ነገርኩ። ቅንጦት ሲባል ወርቅ ቅብ ቧንቧ ለሚመስላችሁ፣ እኔ ያየሁት ቅንጦት ይኸው ነው። ሰው ሳይለምንና ሳያፍር የሚፈልገውን ሲያገኝ።

ይህ ነገር ለኛ ልጆች እንግዳ አይደለም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» እየተባለ ነው ያደግነው። እጅ ማስታጠብ፣ ቡና በዕድሜ ቅደም ተከተል ማቅረብ፣ እንግዳ ሳይጠግብ አለመነሳት፣ ይህን ሁሉ ያስተማሩን እናቶቻችን ናቸው። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ይህንን አትደብቁት። በኩራት ተናገሩት።

ፊት ብቻውን ግን አይበቃም፣ እውቀትም ይጠየቃል። ትንሽ መርከብ ትልቁ የማይደርስበት ትገባለች። የግሪኩን የቆሮንቶስ ቦይ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተ ነው፤ ርዝመቱ 6 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ከታች ያለው ስፋቱ ግን 21 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግድግዳው በሁለቱም ወገን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ መርከቧ በመሃሉ ቀስ እያለች ትሾልካለች። ቬኒስም ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ጀምሮ በከተማዋ እምብርት ባለው ቦይ ትልልቅ መርከቦች እንዳያልፉ ተከልክለዋል። እንግዳው ቁርስ ላይ «ዛሬ የት ነው የምንገባው? ምን አለው?» ብሎ የሚጠይቀው እናንተን ነው። አንብቡ። የወይን ጠጅ ዓይነቶችን፣ የወደቦቹን ታሪክ፣ ካርታ። ስልካችሁ ላይ የምታጠፉት ጊዜ ለዚህ ይበቃል።

መዛወር የሌለባችሁም አላችሁ። ከልጆች ጋር ሲሆኑ ፊታቸው የሚበራ አሉ። ለነሱ የቤተሰብ መርከብ ቤታቸው ነው፤ ልጅ በማይበዛበት፣ የልጆች መጫወቻ ክፍል እንኳ በሌለው መርከብ ላይ ይጨነቃሉ። እንዲህ ያለች የሥራ ባልደረባ ነበረችኝ። ተዛወረች፣ ደመወዙም አልከፋም፣ ልቧ ግን አልገባም። ተመልሳ ወደ ትልቁ ስትሄድ ደስ አለኝ። ትንሽ መርከብ ማዕበል ሲነሳ ከትልቁ ይበልጥ እንደሚንገላታም እወቁ። ዳገትና ባሕር ዛፍ እያየን ላደግን ሰዎች ቀላል አይደለም። የሥራ መደቡም ጥቂት ስለሆነ እድገት ሊዘገይ ይችላል። ከባልደረባችሁ ጋር ብትጣሉም መሸሸጊያ የለም፤ በየኮሪደሩ ትገናኛላችሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በትልልቆቹ መርከቦች ቲፕ በየቀኑ በእንግዳው ሂሳብ ላይ መደመሩ የተለመደ ነው። በቅንጡዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ቲፑም መጠጡም ከጉዞው ዋጋ ጋር አብሮ ተከፍሏል። ስለዚህ «ሀብታም ስለሆኑ ብዙ ቲፕ ይሰጣሉ» የሚለውን ወሬ ትታችሁ፣ ኮንትራቱ ላይ የተጻፈውን ወርሃዊ ደመወዝ ተመልከቱ።

ደላላን በተመለከተ ግን ልቤ የሚቃጠልበት ነገር አለ። አንድ የሠፈራችን ልጅ «ቦታ አስይዝልሃለሁ» ላለው ሰው የእናቱን ወርቅ አሽጦ ከፍሏል። ቦታውም ሰውየውም የሉም። እባካችሁ ይህንን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣና ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። በዚህ ስምምነት መሠረት ለመቀጠር ክፍያ መጠየቅ ክልክል ነው። ሠራተኛው እንዲከፍል የሚፈቀደው የሕክምና ምርመራ፣ የባሕረኛ መታወቂያ ደብተርና ፓስፖርት ነው። የቪዛውን ወጪ የሚሸፍነው የመርከቡ ባለቤት ነው። ኮንትራት ሲያልቅም ወደ አገራችሁ የሚመልሳችሁ እሱ ነው። የዕረፍቱ መለኪያ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ነው። የቀኑ ዕረፍት ለሁለት ቢከፈል እንኳ አንደኛው ከ6 ሰዓት ማነስ የለበትም። ይህን የሚያውቅ ልጅ በቀላሉ አይታለልም።

ሌላም ልጨምር። ቅንጡዎቹን መስመሮች የያዙ ትልልቅ የመርከብ ኩባንያዎች አሉ። ሲልቨርሲ የሮያል ካሪቢያን ግሩፕ ንብረት ነው። ሲቦርን የካርኒቫል ነው። ሪጀንት የተባለው ሌላው ቅንጡ መስመር ደግሞ የኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ባለቤት የሆነው ኩባንያ ንብረት ነው። አሁን የምትሠሩበት ትልቅ መርከብ ባለቤት ቅንጡ መስመር ካለው፣ ከማንም ደላላ በፊት የራሳችሁን አለቃና የሠራተኛ አስተዳደሩን ጠይቁ። የተመሰከረላችሁን የሥራ ምዘና ኮፒ ያዙ። የደህንነት ሥልጠና ሴርቲፊኬታችሁ ቀኑ እንዳያልፍበት ተጠንቀቁ። በትንሽ መርከብ ላይ የእሳትና የሕይወት አድን ጀልባ ልምምድ ሲደረግ እያንዳንዱ እጅ ይቆጠራል።

ኮንትራት እጃችሁ የገባ ካላችሁ፣ ሳትፈርሙ አምጡልኝና አብረን እናንብበው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። እንግሊዝኛው የከበደ ቦታ ካለ አስረዳችኋለሁ፤ በተለይ የደመወዙንና የመመለሻ ትኬቱን አንቀጽ ሳናይ አንነሳም።