የፊተኛውን መብራት አትከተል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሦስት ጓደኞቼ በጥቅምት አጋማሽ አምስት ቀን ፈቃድ ወስደን የአፓላቺያን ተራሮች በሞተር እንዙር አሉኝ። እነሱ አምስት ስድስት ዓመት የነዱ ናቸው፤ ሞተሮቻቸውም ትልልቅ ናቸው። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት ከሁለት ወር ነው፣ የምነዳውም ባለ 500 ሲሲ ነው። ልጅ ሆኜ ሐዋሳ በአጎቴ ሞተር ሐይቁ ዳር ለዳር እል ነበር፤ እሱ ግን ሜዳ ነው። በቀን 350 ማይል ለመንዳት አስበናል። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ «ቴይል ኦፍ ዘ ድራጎን የሚባለውን ኩርባ የበዛበት መንገድ ሳንነዳ ብንመለስ ሄድን አይባልም» ይላል። ይህን ጉዞ እችለዋለሁ? ምን ልያዝ? ረቡዕና ዓርብም እጾማለሁ፤ እዚያ ገጠር የሚበላ ይገኛል?

ባለ 500ው

መልስ፦ ትችለዋለህ፣ እንዳሰባችሁት ግን አይደለም። 350 ማይል የሀይዌይ ሒሳብ ነው። ቨርጂንያ ውስጥ ያለው የተራራ መንገድ ስካይላይን ድራይቭ ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል ነው፣ የፍጥነት ወሰኑም በሰዓት 35 ማይል። ፎቶ አላነሳም፣ ሽንት ቤትም አልገባም ብትል እንኳ ሦስት ሰዓት ይወስድብሃል። እሱ ሲያልቅ የሚጀምረው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ደግሞ 469 ማይል ሆኖ ወሰኑ 45 ነው። በፈረንጆች በ1935 ተጀምሮ በ1987 ነው ያለቀው። ሌሎች 52 ዓመት የሠሩትን መንገድ በሁለት ቀን ልጨርሰው የሚል ጓደኛ ካላችሁ፣ መኪና ተከራይቶ በሀይዌይ ይሂድ። ለአንተ በተራራ መንገድ በቀን ከ150 እስከ 180 ማይል ይበቃሃል።

ከፍታው አያስፈራህ። በምሥራቅ አሜሪካ ካሉት ተራሮች ትልቁ ማውንት ሚቸል 2,037 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከሱ በላይ ተቀምጣለች። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው የፓርክዌይን ገደል አይቶ አይደነግጥም። የሚያሳስበኝ ኩርባው ነው። አንዳንዱ ስትገባበት ለዘብ ብሎ ይቀበልህና መሐሉ ላይ ስትደርስ ይጠብብሃል። ስለዚህ ፍጥነትህን ሳትገባ በፊት ቀንስ። ከገባህ በኋላ ፍሬን ቀጥ አድርገህ አትያዝ፤ ዓይንህም የፊት ጎማህን ሳይሆን መንገዱ የሚሰወርበትን ቦታ ይመልከት። በጥቅምት ደግሞ የረገፈ ቅጠል አለ። ዝናብ የነካው ቅጠል እንደ ሳሙና ነው።

አሁን የራሴን ልንገርህ። ዲሲ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የሚያስቸኩለኝ ሰው ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ነበር። ከፊት የሚያስቸኩል ሰው ምን እንደሚያደርግ ያወቅሁት በሞተር ነው። አንድ ነሐሴ ላይ አራት ሆነን ቨርጂንያ ውስጥ በ250 ቁጥር መንገድ ከስታውንተን ወደ ሞንተሬይ እንሄድ ነበር። ይህ መንገድ አንዱን ተራራ ወጥቶ ይወርድና ሌላውን ይጀምራል። ፊት ፊቴ የሚሄደው ጓደኛዬ ጎበዝ ነጂ ነው። የኋላ መብራቱ ከዓይኔ እንዳይጠፋ ብዬ ብቻ እሱ በገባበት ፍጥነት ገባሁ። ኩርባው ላይ ከአንድ የገበሬ ቤት መግቢያ የተበተነ ጠጠር ነበር። እሱ አይቶ በጎን አለፈው፤ እኔ የማየው ጠጠሩን ሳይሆን መብራቱን ነበር። የፊት ጎማው ከዳኝና ከነሞተሩ ተንሸራትቼ የግጦሽ አጥር ሥር አረፍኩ።

ስልኬ አንድም መስመር አያሳይም። ጓደኞቼ ደግሞ «ከኋላ አለ» ብለው ሄደዋል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በፒክአፕ መጣ። እንዴት አወቅህ ብለው ላሞቹ ሁሉ ወደ መንገዱ ዞረው ሲያዩ አይቶ መምጣቱን ነገረኝ። ቤቱ ወስዶ በረዶ ፈለገ፣ አልነበረውም። ከማቀዝቀዣው በብርድ የደረቀ የአጋዘን ሥጋ በላስቲክ እንደተጠቀለለ አወጣና ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰረልኝ። ፍልሰታ ነበር። በዚያ ጾም የነካሁት ሥጋ እሱ ብቻ ነው። ጓደኞቼ አርባ ደቂቃ ቆይተው ተመለሱ፤ ሞንተሬይ ደርሰው ቡና ካዘዙ በኋላ ነው የጎደልኩት ትዝ ያላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ይህ ነው፤ እናንተም ሳትነሱ ተስማሙበት። መንገድ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ፊት ያለው ቆሞ የኋለኛው ስፖኪዮው ውስጥ እስኪታይ ይጠብቃል፤ ሳይታይ አይታጠፍም። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ማንም ማንንም ማሳደድ የለበትም። አዲሱ ነጂ፣ ማለትም አንተ፣ ከፊት ሁለተኛ ትሆናለህ። መጨረሻ ላይ ያስቀመጡህ እንደሆነ ለመድረስ ትሮጣለህ፤ እኔን የጣለኝም እሱ ነው። የመጨረሻው ቦታ ከሁሉም ለሠለጠነው ይሰጥ። ሕጉን ሲሰማ የሚስቅ ጓደኛ ካለ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አድርገው።

ድራጎኑ ይቅርባችሁ። 129 ቁጥር ላይ፣ ሰሜን ካሮላይናና ቴነሲ ድንበር አጠገብ፣ በ11 ማይል ውስጥ 318 ኩርባ ነው። ከእናንተ ደጅ ከ500 ማይል በላይ ይርቃል። ለግማሽ ሰዓት ደስታ አራት ቀን ሀይዌይ ላይ ልትተኙ ነው። በዚያ ላይ ቅዳሜና እሑድ መንገዱ ዳር ካሜራ ደግኖ ፎቶ የሚሸጥ ሰው ይሞላዋል፤ ሰው ካሜራ ሲያይ የማይችለውን ያደርጋል። በሱ ፈንታ ቨርጂንያ ውስጥ 16 ቁጥር አለላችሁ፤ ከታዝዌል እስከ ማሪዮን 32 ማይል ሆኖ ሦስት ተራራ ይሻገራል። ማሪዮን ልትደርስ ስትል የምታልፈው መናፈሻ ስሙ «ሃንግሪ ማዘር» ነው። የተራበች እናት ማለት እንደሆነ ለእናቴ ብነግራት ኖሮ ያለ ስንቅ አትሰደኝም ነበር።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምሄደው። በመጀመሪያው ቀን ስካይላይንን ጨርሼ ስታውንተን አድራለሁ። በሁለተኛው በ250 ሞንተሬይን አልፌ ዌስት ቨርጂንያ እገባለሁ፤ ባርቶው ላይ ወደ ግራ ታጥፌ በግሪን ባንክና በማርሊንተን አድርጌ ሉዊስበርግ። በሦስተኛው በብሉፊልድ በኩል ታዝዌል፣ ከዚያ 16ን ይዤ ማሪዮን። በአራተኛው በጌላክስ በኩል ፓርክዌይ ላይ ወጥቼ ወደ ሰሜን እስከ ሮአኖክ፤ 176ኛው ማይል ላይ ሜብሪ ሚል የሚባል የድሮ የውሃ ወፍጮ አለ፣ እዚያ ሞተር ያበርዷል። አምስተኛው ቀን ሀይዌይ ነው፤ እሱ ላይ የምነግርህ የለኝም። ከሮአኖክ ወደ ደቡብ መዝለቅ ካማራችሁ ግን በፈረንጆች ሴፕቴምበር 2024 ሄሊን የተባለው ማዕበል የሰሜን ካሮላይናውን የፓርክዌይ ክፍል ክፉኛ አፈራርሶታልና፣ የትኛው እንደተከፈተ በናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ድረ ገጽ ላይ ሳታዩ አትነሱ።

ግሪን ባንክ ላይ ስልክህ ዝም ቢል አልተበላሸም። እዚያ 100 ሜትር ስፋት ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አለ፤ እንዳይረበሽ ሲባል በፈረንጆች ከ1958 ጀምሮ 13,000 ስኩዌር ማይል የሚሆን አካባቢ ላይ የሬዲዮ ሞገድ ተገድቧል። ስለዚህ የወረቀት ካርታ ያዝ። የምታድሩበትንም ቦታ ስም እያንዳንዳችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

ፓርክዌይ ላይ ቤንዚን አይሸጥም፤ ወጥቶ አጠገቡ ካለ ከተማ መቅዳት ነው። ሰልባትዮህ ግማሽ ሲደርስ ቅዳ፤ ያንተ ትንሽ ስለሆነ ቡድኑ በአንተ ልክ ይቁም። ጎሚስታ በየመንደሩ የለምና የጎማ መጠገኛና ትንሽ ፓምፕ፣ የካቴና ዘይት፣ የዝናብ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት ያዝ። ጠዋት ተራራው ላይ ጣትህ ደንዝዞ ፍሪሲዮን መያዝ ሲያቅትህ ጓንቱ ይታወስሃል። ሜሪላንድም፣ ቨርጂንያም፣ ዌስት ቨርጂንያም ያለ ሄልሜት መንዳት ክልክል ነው። ጥቁር መነጽር ካደረግህ ስካይላይን ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻ ሳትገባ አውልቀው።

ምግቡን በተመለከተ፣ ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ በየቤቱ አለ። ቦሎቄው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአሳማ ሥጋ ነው የሚቀቀለው፤ ዳቦውም ውስጥ ወተትና እንቁላል አይጠፋም። አስተናጋጇን በትሕትና ብትጠይቅ ትነግርሃለች፣ ሳትጠይቅ ግን ማንም አይነግርህም። የተቀቀለ ድንችና ጎመን እንኳ ስብ ሊነካው ይችላል። የእኔ ዘዴ በሶ ነው። በኮዳ ውሃ በጥብጬ፣ ቆሎዬን ከኪሴ አውጥቼ፣ ተራራው አናት ላይ ተቀምጬ እበላለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ነጭ ሞተረኛ ምንድነው ብሎኝ አንድ እፍኝ ቆሎ ሰጠሁት፤ ጥርሱን ይዞ እስኪስቅ ድረስ ቆረጠመ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ከጓደኞቹ ጋር ዌስት ቨርጂንያ በሞተር ሊሄድ ነው። በየሰዓቱ ደውል ብዬው ተጣላን። አጠፋሁ?

እህትዎ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ የየሰዓቱ ስልክ ግን ይቅር። ከላይ እንዳልኩት ስልክ የማይሠራበት አገር አለ፤ እሱ እዚያ ሲገባ አንቺ እዚህ ትሞቻለሽ። ከዚያ የባሰው ደግሞ አልደወልኩላትም ብሎ እያሰበ ኩርባ ሲገባ ነው። ሁለት ጊዜ ይበቃል፦ ምሳ ላይና ማታ ማደሪያው እንደደረሰ። ሞባይሉ ካልያዘ የማደሪያው የቤት ስልክ አለ። የየማደሪያውን ስምና ስልክ ጽፎ ፍሪጅ ላይ ይለጥፍልሽ።

አንድ ነገር ግን አስምይው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተሩን ያቁም። ጥቅምትና ኅዳር አጋዘን የሚዳራበት ወራት ነው፣ ማታና ንጋት ላይ ሳያይ መንገድ ያቋርጣል። ዌስት ቨርጂንያ ደግሞ ከእንስሳ ጋር በመጋጨት በመላው አሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ የምትጠራ ናት። ይህን ከጓደኞቹ ፊት ብትነግሪው ሊያኮርፍ ይችላል፤ ቤት ውስጥ ንገሪው።

«ማታ 2 ሰዓት እደውላለሁ» ካለሽም በኛ ነው በፈረንጅ ብለሽ አጣሪ። እኔና ባለቤቴ በዚህ አንድ ሌሊት ሙሉ ተጨቃጭቀናል።