መልስ፦ ቅርብ ሆነው የማይታዩ ኮከቦች

«ከፀሐይ ጎረቤቶች አብዛኞቹ በዓይን አይታዩም ይባላል፤ ታዲያ እንዴት ተገኙ?» ላልከው፦

ወንድሜ፣ መቅረብ ብቻውን አያስታይም። ለፀሐይ ከሁሉ የምትቀርበው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.2 የብርሃን ዓመት ላይ ሆና እንኳ ያለ ቴሌስኮፕ አትታይም። ቀይ ድንክ (ትንሽና ቀዝቀዝ ያለች) ኮከብ ስለሆነች ብርሃኗ ደካማ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ የነበረው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሮበርት ኢነስ፣ በዓመታት ልዩነት የተነሱ ሁለት የሰማይ ፎቶዎችን እያፈራረቀ ሲያይ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ፈቀቅ ብላለች። ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። በቃ፣ ዘዴው ይኸው ነው። የሩቁ ባለበት ይቆማል፣ የቅርቡ ይንቀሳቀሳል። (ትዕግስቱ ግን አይጣል ነው!)

ከእሷ የባሱት ቀዝቃዛዎች፣ ቡናማ ድንኮቹ (ኮከብ ለመሆን ክብደት ያነሳቸው አካላት)፣ በኢንፍራሬድ (ዓይን በማያየው የሙቀት ብርሃን) ነው የሚታደኑት። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኬቪን ሉማን፣ ዋይዝ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ካነሳቸው ምስሎች በ2013 ጥንድ ድንኮች አገኘ፤ ርቀታቸው 6.5 የብርሃን ዓመት ነው። በ2014 ያገኘው ደግሞ ይብሳል፦ እጅ እንኳ የማያቃጥል ቀዝቃዛ!