የት እንብላ? ስለ አዲስ አበባ ምግብ ቤቶች የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ሆቴል ቤት ውስጥ መጀመሪያ ጓዳ፣ በኋላ ደግሞ ግዢ ክፍል ስለሠራሁ "የት እንብላ?" የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይደርሰኛል። ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። "አሪፍ ቤት የት አለ?" ከምትሉ "ይሄን ምግብ ማን ይችልበታል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሜኑው ላይ ሃምሳ ዓይነት ምግብ የደረደረ ቤት ከልቡ የሚሠራው ሁለት ወይ ሦስት ነው። እሱን ካወቃችሁ የትም ገብታችሁ ጥሩ ትበላላችሁ።

ከሲኤምሲ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ክትፎ በምን ይለያል? "ስፔሻል" ያሉኝን ሁሉ ቀመስኩ፣ አንዱም ልቤ አልገባም።

ከሥጋው እንጀምር። ክትፎ ጅማትና ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ነው የሚፈልገው። በቢላ የሚከትፍ ቤት ካገኘህ አትልቀቀው። ጎበዝ ከታቢ ሥጋውን ጣውላው ላይ አጋድሞ በስሱ ይልገዋል፤ ነጭ ክር ባየ ቁጥር በቢላው ጫፍ እየጎተተ ያወጣል። መክተፍ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ብዙ ቤት በማሽን ይፈጫል። ማሽኑ ጅማቱንም አብሮ ስለሚፈጨው ክትፎው አፍ ውስጥ እንደ ሊጥ ይለጠፋል።

ቀጥሎ ቅቤው። በኮረሪማ የተነጠረ፣ ሥጋው ላይ ሲያርፍ ለብ ያለ መሆን አለበት። በጣም ከሞቀ ሥጋውን ያበስለዋል። ከቀዘቀዘ ደግሞ ሳትጨርስ ጣባው ጠርዝ ላይ ይረጋል። ሚጥሚጣው መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ ምላስህን ማቃጠል የለበትም። ቆጮውን ለብቻው ቅመሰው። ደርቆ የሚሰባበር ከሆነ ከትናንት ያደረ ነው።

"ስፔሻል" ሲሉህ ምን እንደሚጨምር ጠይቅ። አንዱ ጋ አይብና ጎመን ማለት ነው፤ ሌላው ጋ ሥጋው በዛ ብሎ ይመጣል። ስም ጥራ ካልከኝ፣ ዮሐንስ ክትፎና ቶቶት ከክትፎ ወዳጆች አፍ የማይጠፉ ናቸው። የጉራጌ ወዳጅ ካለህ ግን የመስቀል ሰሞን ቤቱ ሂድ። ምግብ ቤት አይደርስበትም።

ከአያት፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። ቁርጥ በጣም አምሮኛል። ለብለብ ክትፎ ብበላ ምን አለበት?

አይሆንም እህቴ። ለብለብ ላይ ላዩን ነው የሚነካው፣ ውስጡ ጥሬ ነው። የኮሶ ትል እጭ የሚሞተው ሥጋው እስከ ውስጡ ሲበስል ነው። ለአንቺ ደግሞ ከኮሶ የሚብሰው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ ነው፤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። እስክትገላገዪ ደረቅ ጥብስ እዘዢ፤ "በደንብ ይብሰል" በያቸው። ሰላጣውም ይቅርብሽ።

ሌሎቻችሁ ቁርጥ የምትበሉ፣ የተሰቀለው ሥጋ ላይ የቄራ ማህተም መኖሩን እዩ። ማህተሙ ሐኪም አየው ማለት ነው እንጂ መቶ በመቶ ዋስትና አይደለም። ቀኑንም አስቡበት። ረቡዕና አርብ ብዙ ሥጋ ቤት አይሸጥም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ስትገቡ "የዛሬ ነው ወይስ የማክሰኞ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ሥጋ ሻጭ በዚህ አይቀየምም። ብልቱን በስሙ ከጠራችሁ ደግሞ የበለጠ ያከብራችኋል። ጮማ የሚወድ ጎድን ወይም ሻኛ፣ ለስላሳ ቀይ የሚፈልግ ጭቅና ይበል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ ልጆቼን ይዤ ለክረምት እመጣለሁ። እዚህ ተወልደው ነው ያደጉት። ሆዳቸው እንዳይረበሽ፣ ግን ደግሞ ሀገሩን እንዲቀምሱ እፈልጋለሁ።

እንኳን በሰላም ይምጡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከእሳት የወረደ ትኩስ ነገር ብቻ ያብሏቸው። ሽሮ፣ ጥብስ፣ ምስር ወጥ፣ ጠዋት ጠዋት ጨጨብሳና ፍርፍር። ጥሬ ሰላጣና ቲማቲም ይቆይ። ውሃ የታሸገ ይሁን፤ ክዳኑን ራስዎ ይክፈቱት። ጁስ ቤት ያለው ስፕሪስ ልጆች የሚሞቱለት ነገር ነው። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው በየተራ ተደርድሮ ይመጣል፣ በማንኪያ ነው የሚበላው። እሱንም ሆዳቸው ሲለምድ፣ ዓይንዎ ፊት ከሚፈጭ ቤት ይግዙላቸው።

ለባህል ምሽት ዮድ አቢሲኒያ ይውሰዷቸው። የየብሔረሰቡን ጭፈራ በአንድ ምሽት ያያሉ፤ በያይነቱው በሰፊ ትሪ ይመጣል፣ ልጆቹም እርስ በርስ መጎራረስን ይማራሉ። በጊዜ ይድረሱ። የቱሪስት ቡድን ከገባ በኋላ መድረክ አጠገብ ቦታ አይገኝም።

እርስዎ ደግሞ ፒያሳ ቶሞካ ጎራ ይበሉ። በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ቡና ቤት ነው። ማኪያቶው የሚጠጣው ቆሞ ነው፤ ቡናው ሲቆላ ሽታው መንገድ ላይ ይቀበልዎታል። እንጀራውም ከለመዱት የተለየ ይሆንብዎታል። አሜሪካ ጤፉ ላይ ብዙ ጊዜ ሌላ ዱቄት ይደባለቃል። እዚህም ጤፍ ሲወደድ የሚቀላቅል ስላለ "ንጹሕ ጤፍ ነው?" ብሎ መጠየቅ አያስነውርም።

ከገርጂ፦ በእሱ ላይ ልጨምር። ግሉተን አይስማማኝም፣ ሐኪም ከልክሎኛል። እንጀራ በደፈናው እችላለሁ?

በደፈናውስ አትችልም። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም። ችግሩ የሚቀላቀለው ነው። ሩዝ ወይም ማሽላ ከሆነ አይጎዳህም። ገብስ ወይም ስንዴ ከሆነ ግን ይጎዳሃል። አስተናጋጁ "ንጹሕ ጤፍ ነው" ቢልህ ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ ግን ብዙ ምግብ ቤት እንጀራውን ከውጭ ነው የሚረከበው። ኃላፊውን ወይም የጓዳዋን ሴትዮ አነጋግር። እኔ አንተን ብሆን የታወቀች ጋጋሪ ይዤ፣ እንጀራዬን ጠቅልዬ ሄጄ ወጡን ብቻ አዝዛለሁ። ምክንያቱን ካስረዳሃቸው ብዙ ቤቶች ይተባበሩሃል።

ከጀሞ፦ ምግብ ቤት የሚሠራ ጥሩ ዶሮ ወጥ አለ? የእናቴን ዓይነት።

አለ፤ ግን ድንገት ገብተሽ "ዶሮ አምጡልኝ" ብለሽ አይደለም። ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ነው። ቁሌቱ ያለ ውሃ እየተማሰለ፣ ሽንኩርቱ ጠፍቶ እስኪቀልጥ ድረስ ሰዓታት ይፈልጋል። በርበሬው ገብቶ እንደገና መብሰል አለበት። ዶሮው ራሱ 12 ብልት ወጥቶለት በሎሚና በጨው እየታጠበ ይጠራል። የቸኮለ ጓዳ ሽንኩርቱን ይፈጨዋል፣ ቲማቲም ድልህም ይጨምርበታል። ያኔ ወጡ ቀይ ሆኖ ይመጣል፣ ጣዕሙ ግን ኮምጠጥ ይላል።

ዘዴው ይሄ ነው። እናቶች ጓዳውን የያዙበት ትንሽ ቤት ፈልጊ። ከአንድ ቀን በፊት ደውለሽ እዘዢ። ለአራት አምስት ሰው የሚበቃ ሙሉ ዶሮ ካዘዝሽ ለብቻ ነው የሚሠሩልሽ። ሲመጣ ድስቱ ጠርዝ ላይ ዘይትና ቅቤው ከወጡ ተለይቶ መውጣቱን እዪ። ያ ካለ በስሏል።

ከፒያሳ የተነሳ፦ የልጅነቴ ፉል ቤት ፈረሰ። የት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። ምን ላድርግ?

አዝናለሁ ወንድሜ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲነሱ ስንት ጓዳ ነው የተበተነው። ሰው ቤቱ ሲፈርስ ሕንጻውን ያስባል። እኔን የሚያሳስበኝ ያቺ ለዓመታት አንድ ዓይነት ሽሮ እየሠራች ሰፈሩን ያበላች ሴት የት ደረሰች የሚለው ነው። እሷ ካለች ምግቡ አለ። ለዚህም ነው "የድሮው ቤት ጠፋ" ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ የምለው።

ፍለጋውን ከሰፈሩ ሰው ጀምር። የቀሩት ሱቆች፣ ሊስትሮዎቹ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ ያውቃሉ፤ እነሱም እዚያ ነበር የሚበሉት። ብዙዎቹ ወደ ጀሞ፣ ለሚ ኩራ፣ ቦሌ አራብሳ አካባቢ ገብተው በትንሽ ክፍል እንደገና ጀምረዋል። ስማቸውን ግን የቀየሩ አሉ፤ ስለዚህ በቤቱ ስም ሳይሆን በባለቤቷ ስም ጠይቅ። ካገኘሃት እዚህ ጻፍልን፣ ሁላችንም እንሂድላት። አዲስ ሰፈር የገባ ምግብ ቤት የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያልፈው በድሮ ደንበኛ ነው።

ከቦሌ ሚካኤል፦ ሰፈራችን ያሉት የሶማሌ ምግብ ቤቶች ምን ይበላባቸዋል? ገብቼ አላውቅም።

ታድለህ፣ ከደጅህ ነው። ሩዝ በሥጋ እዘዝ። ሩዙ በቅመም የተሠራ ነው፣ ከጎኑ ሙዝ ይመጣል። ሙዙን ለመጨረሻ አታስቀምጠው፤ ከሩዙ ጋር እየቆረስክ ብላው፣ ጣፋጩና ቅመሙ የሚገናኙት እዚያ ነው። የግመል ሥጋ ካልበላህ እዚያ ጀምር። በወተትና በቅመም የተፈላ ሻይ ጠጣ። ምግቡ ሐላል ስለሆነ ሙስሊም ወዳጆችህን ለመጋበዝም አመቺ ነው። ክርስቲያን ሆነህ የሙስሊም ሥጋ የማትበላ ከሆነ ግን ሩዝና አትክልት ብቻ እዘዝ።

ከሰሚት፦ ረቡዕና አርብ ሥራ ቦታ አጠገብ የምበላው አንድ ዓይነት በያይነቱ ሰለቸኝ።

ተጋቢኖ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ የጾም ፍርፍር፣ የጾም ፓስታ፣ እንጉዳይ ጥብስ ሞክሪ። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል በምሳ የጾም ቡፌው የታወቀ ነው። ራሱ ሆቴሉም እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት፣ የሀገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ስለሆነ ማየቱ አይከፋም። ከጾም ቀን ውጪ "የጾም ሽሮ" ስታዢ ቅቤ እንዳልገባበት አረጋግጪ። አሳውን በተመለከተ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ እኔ አልፈርድም።

ከሀያ ሁለት፦ አሳ ካነሱ አይቀር፣ ለሳምንት መጨረሻ ሐዋሳ እንሄዳለን። የአሳ ገበያው አሞራ ገደል እንደሚባለው ነው?

ነው! ግን ጠዋት። ጀልባዎቹ ገብተው መረቡ ሲራገፍ ድረሱ። አሳ የሚያጸዱት ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በአንድ ቢላ ገሽልጠው ሁለት ንጹሕ ሥጋ ሲያወጡ ዓይን አይከተላቸውም። የተረፈውን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከኋላ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እዚያው የአሳ ሾርባ በትኩሱ፣ ከዚያ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ የተጠበሰ ሙሉ ቆሮሶ ከዳጣ (ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ) ጋር። በእጃችሁ ብሉት፣ ሹካ አጥንቱን አይለይላችሁም። ጥሬውን በዳጣ የሚበላም ታያላችሁ። እኔ የበሰለውን እመርጣለሁ። ከቤተሰብ ጋር ለመቀመጥ ከፈለጋችሁ ከሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች በአንዱ አሳ ጉላሽና አሳ ዱለት እዘዙ። አሳው በጣም ትንሽ ከሆነ አትግዙ፤ ሳያድግ የሚወጣው ነው ሐይቁን እያራቆተው ያለው።

ከሳር ቤት፦ ሜኑው ላይ ያየሁትና የከፈልኩት አይገናኝም። ተጭበርብሬ ነው?

ላይሆን ይችላል። ብዙ ሜኑ ከታች በደቃቅ ጽሑፍ "ቫትና ሰርቪስ አይጨምርም" ይላል። 600 ብር የተጻፈ ምግብ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመርበት 660 ይሆናል። በእሱ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 759 ብር ነው። ሳታዝ "ዋጋው ሁሉንም ያካትታል?" በል። የማሽን ደረሰኝ ጠይቅ፤ በእጅ ተጽፎ ቫት ካስከፈሉህ አትክፈል። ሰርቪስ ቻርጁ ለአስተናጋጇ መድረሱ እንደየቤቱ ስለሚለያይ ቲፕህን በእጇ ስጣት፤ በቴሌብር ከሆነም በራሷ ቁጥር ላክላት።