ሠርገኛ ሳይመጣ

ልጆች፣ «ሲስተም የለም» የምትባለዋን ነገር ታውቋታላችሁ። ተሰልፋችሁ፣ ተራችሁ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትጠጉ የምትወረወርባችሁ። እኔ ይህችን ቃል ብዙ ሰው ያስባልኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሰርቨርን ሰው ሳይመጣበት በፊት ስለ መፈተን ይህን ስጽፍላችሁ ልመጻደቅ አይደለም።

ያኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ነበርኩ። መስኮቴን ስከፍት የፋሲል ግንብ አጥር ይታየኛል። ሥራዬ ለ3,000 ሰው ኢሜይል የሚያደርስ ሰርቨር መትከል ነበር። አንድ ሰው ወደ አንድ አድራሻ ይጽፋል፣ ሰርቨሩ ለሁሉም ያባዛል። ሊኑክስ ጫንኩ፣ ፖስትፊክስ የሚባለውን ኢሜይል አመላላሽ ፕሮግራም አስተካከልኩ። ለአምስት ባልደረቦቼ ላክሁ። አምስቱም «ደርሶኛል» አሉኝ። በቃ፣ ተሞክሯል ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ወጣ። 2 ሜጋባይት ፒዲኤፍ ተያይዞበታል። 2 ሜጋ ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ፋይል ግን በኢሜይል ሲሄድ ወደ ፊደል ስለሚቀየር ሲሶ ያህል ያብጣል። 2.7 ሆነች። በ3,000 ስትባዛ 8 ጊጋባይት ናት። መስመራችን ወደ ውጭ የሚያስወጣው በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነበር። አስሉት፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። ያውም ሌላ ሰው ኢንተርኔቱን ካልነካ።

ይባስ ብሎ ሰው መመለስ ጀመረ። «እግዜር ይስጥልን»፣ «ስሜ ተሳስቷል፣ አስተካክሉልኝ»። እያንዳንዷ መልስ ለ3,000ውም ትሄዳለች። አርባ ሰው ከመለሰ 120,000 ደብዳቤ ነው። አንዱ ደግሞ «እረፍት ላይ ነኝ» የሚል አውቶማቲክ መልስ ከፍቶ ሄዷል። ለመጣለት ሁሉ ይመልሳል፤ መልሱ ለሁሉም ይባዛል፤ ለእሱም ይደርሰዋል፤ እሱም ይመልሳል። ለመውጣት ተራ የሚጠብቁትን ደብዳቤዎች ወረፋ ልይ ብዬ «ሜይልኪው» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ስክሪኑ መሮጥ ጀመረ፣ አልቆም አለ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው «ምንድን ነው እሱ የሚሮጠው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሉሃል ይሄ ነው።

የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ሲሞላ ቀናት ይፈጃል። እኔ ስለ ወረፋ ሳስብ ሁሌ የሚታየኝ ያ ገንዳ ነው። ሰርቨራችሁ ስንት ይይዛል ከማለታችሁ በፊት መውጫው በሰዓት ስንት ያስወጣል በሉ። ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ካልጻፋችሁት አታውቁትም።

እንዴት ትለካላችሁ? በመጀመሪያ፣ በሰው አድራሻ አትሞክሩ። አንዴ ከወጣ አይመለስም፣ አይፈለጌ መልእክት ላኪ ተብላችሁም ትመዘገባላችሁ። ከፖስትፊክስ ጋር የሚመጡ ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። «ኤስኤምቲፒ ሶርስ» ደብዳቤ እያመረተ ይልካል፤ «ኤስኤምቲፒ ሲንክ» እየተቀበለ ይጥላል። ሰርቨሩን መሃል አስገቡት። ተቀባይ ለመሆን ጠረጴዛ ስር አቧራ የጠጣ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃል። በአስር ጀምሩ፣ መቶ፣ ሺህ፣ እስኪያቃስት ድረስ ጨምሩ። ሳይሰበር ካቆማችሁ ልኩን አታገኙትም።

ወጣቶች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሸወዳሉ። ተቀባያቸው ጠረጴዛ ስር ያለ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይበርራል። የውጭው ተቀባይ እንዲህ አይደለም። አንዱ ይዘገያል። ሌላው የማያውቀውን ሰርቨር «ቆይተህ ተመለስ» ይለዋል፤ በ4 የሚጀምሩት የስህተት ቁጥሮች ትርጉማቸው ይኸው ነው። በ5 የሚጀምሩት ቁርጥ ያለ እምቢታ ናቸው። «ቆይ» የተባለውን ፖስትፊክስ፣ ካልቀየራችሁት፣ እስከ 5 ቀን ይዞ ይሞክራል። ስለዚህ ሲንኩን እንዲዘገይ፣ አንዳንዱን እንዲመልስ አድርጉት፤ ይችላል። ወረፋው ሲያብጥ የምታዩት ያኔ ነው።

ሌላው መብራት ነው። ይህን ለጎንደር ልጅ መንገር አያስፈልገኝም።

ሰርቨር «250» ብሎ ሲመልስ «ተረክቤያለሁ፣ ከዚህ በኋላ የእኔ ኃላፊነት ነው» ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ መብራት ቢጠፋም ደብዳቤው መጥፋት የለበትም። በሁለተኛው ሙከራዬ መብራት ሲጠፋ የሚደግፈውን ባትሪ፣ ዩፒኤሱን፣ አወጣሁና 10,000 ደብዳቤ እየተላከ መሃል ላይ ገመዱን ነቀልኩት። ሶኬት መንቀል ቀላል ይመስላል፤ እጄ ግን ተንቀጥቅጧል። ላኪው መዝገብ ላይ 6,412 ጊዜ «250» ተብሏል። ሰርቨሩ ተነስቶ ወረፋውን ሲጨርስ ተቀባዩ ጋ የደረሱት 6,409 ናቸው።

ሦስቱን ፍለጋ አንድ ሙሉ ቀን ሄደ። ለካ ዲስኩ «ጻፍኩ» እያለ ገና በራሱ ጊዜያዊ ማስቀመጫ ይዞት ኖሯል። ያንን አጠፋሁት። ሰርቨሩ በግልጽ ቀዘቀዘ፤ ገመዱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ብነቅልም ግን አንድ አልጎደለም።

የሚቀጥለው ማስታወቂያ በሁለት ቀን ዘገየ። አለቃዬ «ለሦስት ደብዳቤ?» ብለው አኮረፉኝ። ከ3,000ው ሰው የማን የማን ቢቀር ይሻላል ብዬ የስም ዝርዝሩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንደኛውን ገጽ ካዩት በኋላ «ሐሙስ ይድረስ» አሉኝ።