ያገለገለ ክላሲካል ጊታር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጀማሪ ነኝ፣ ያገለገለ ክላሲካል ጊታር አግኝቻለሁ፣ ልግዛው ወይ ብለሃል። አንገቱ ደህና ከሆነ ግዛው! ክሩ ማርጀቱ አያሳስብህ፣ ይቀየራል። አንገቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ክላሲካል ጊታሮች ውስጣቸው ማስተካከያ ብረት ስለሌላቸው፣ አንዴ ከጎበጠ ማቃናቱ ከጊታሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ዓይንህን ጨፍነህ አንገቱ ቀጥ ማለቱን ከጫፉ በኩል ቁልቁል እየው። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ላይ ክሩ ከፍሬቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ከራቀ ጤነኛ ነው፣ በጣም ካለፈ ጣትህን ያሰቃየዋል። ክሮቹ የታሰሩበትን ብሪጅም ከኋላው ፈትሽ፤ ቀጭን ወረቀት ከሥሩ ከገባ መላቀቅ ጀምሯል፣ ተወው። የብረት ክር ታስሮበት ካየህም እንዲሁ፣ ክላሲካል የሚሠራው ለናይለን ክር ስለሆነ የብረቱን ጉተታ አይችልም። ጭረት ምንም አይደል። ዝዝ የሚል ፍሬት ካገኘህ ግን ዋጋ አስቀንስ።