ምግቡ ስንት ኪሎ፣ ጓዙ ስንት ሸክም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ዓይነት ጉዞ ናቸው። ሱቅም መኪናም በማይደርስበት ቦታ ከሐይቅ ሐይቅ በታንኳ እየቀዘፉ፣ በመካከሉ ታንኳውንና ጓዙን ተሸክመው በእግር እየተሻገሩ፣ ለብዙ ቀን ስለሚደረግ ጉዞ።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ለስድስት ቀን ልንወጣ ነው። አንዱ «በሰው በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ምግብ ያስፈልጋል» ይላል፤ ሌላው «ግማሽ ኪሎ ይበቃል» ይላል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ሁለቱ ስለተለያየ ምግብ እያወሩ ይሆናል። ድንች፣ ሽንኩርትና የቆርቆሮ ምግብ ለሚይዝ ሰው አንድ ኪሎ ተኩልም ላይበቃው ይችላል፤ የሚሸከመው አብዛኛው ውሃ ነውና። ውሃው ደግሞ ከታንኳው ሥር ሞልቷል። ደረቅ ምግብ ከሆነ በሰው በቀን ከ700 እስከ 800 ግራም ያዙ። በግማሽ ኪሎ ሁለት ቀን ይቻል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀዛፊው ይበርደዋል፣ ይነጫነጫል፣ ውሳኔው ይበላሻል።

የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ለምሳሌ እንዲህ ነው። ለቁርስ 90 ግራም አጃ፣ 30 ግራም የዱቄት ወተት፣ 40 ግራም ስኳርና ዘቢብ። ለምሳ ምድጃ የማይፈልግ ነገር፦ 100 ግራም ብስኩት፣ 50 ግራም ፎርማጆ፣ 40 ግራም የኦቾሎኒ ቅቤ። በየእረፍቱ የሚቆረጠም 130 ግራም ኦቾሎኒ፣ ቴምርና ቸኮሌት። ለራት 120 ግራም ሩዝ ወይም ፓስታ፣ 50 ግራም የደረቀ ሥጋ ወይም ምስር ክክ፣ 20 ግራም የደረቀ አትክልት፣ 20 ግራም የሾርባ ዱቄት፣ 25 ግራም ዘይት። ለሻይና ለስኳሩ 30 ግራም ይጨመር። ድምሩ 745 ግራም፣ ጉልበቱም ወደ 3,100 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። ብርድ ከሆነ የምትጨምሩት ዘይት ይሁን እንጂ ሩዝ አይሁን፤ አንድ ግራም ዘይት ወደ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ሩዝ አራት እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ለአራት ሰው ለስድስት ቀን 18 ኪሎ ያህል ይመጣል። በዚያ ላይ የአንድ ቀን መጠባበቂያ፣ በሰው 500 ግራም፣ ለብቻው ታስሮ ይቀመጥ። በሰፊ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሳ ቀኑን ሙሉ ዳር ይዞ መዋል ግድ ይሆናል። በማዕበል ላይ ካልተሻገርን የሚያሰኘው ብዙውን ጊዜ የምግብ ማለቅ ስለሆነ ይህችን ሁለት ኪሎ እባካችሁ አትቀንሷት።

ከኪሎው ይበልጥ ችግር የሚያመጣው ግን አስተሻሸጉ ነው። ሩዙ ሁሉ በአንድ ከረጢት፣ ሥጋው ሁሉ በሌላ ከታሰረ በአራተኛው ማታ ሩዙ ተርፎ ማባያው ያልቃል። የእያንዳንዱን ራት፣ ቅመሙ ሳይቀር፣ ዚፕ ባለው ላስቲክ አንድ ላይ አድርጉና «3ኛ ቀን ራት፣ ውሃ 2 ሊትር፣ 12 ደቂቃ» ብላችሁ በማይለቅ ቀለም ጻፉበት። የመጨረሻው ቀን ከሥር፣ የመጀመሪያው ከላይ ይግባ። ዘይቱ ብቻ ለብቻው፣ ክዳኑ በሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሁን፤ ጠርሙሱም በላስቲክ ይጠቅለል።

ጥያቄ፦ ቤት ያደረቅሁት የተፈጨ ሥጋ ግማሽ ሰዓት ተቀቅሎም እንደ ጠጠር ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተፈጨ ሥጋ ሲበስል ይኮማተርና ውሃ መልሶ የሚገባበት ክፍተት ያጣል። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ 60 ግራም ያህል የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ ገና ጥሬ ሳለ በእጅዎ እያሹ ያዋህዱት፤ በኋላ ውሃውን የሚስብለት ፍርፋሪው ነው። ሥጋው ጮማ የሌለው ይሁን። ስብ አይደርቅም፤ ቆይቶም ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣል። ሙቀቱ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ በደንብ ያብስሉት፤ ጀርሙን ለመግደል የማድረቂያው ሙቀት ብቻውን አይታመንም። የወጣውን ስብ በሶፍት ይምጠጡና ሥጋውን በስሱ ዘርግተው በ70 ዲግሪ ገደማ ያድርቁት። ትልቁን እንክብል ሰብረው ሲያዩት ውስጡ እርጥበት ከሌለው ደርቋል። እስከ ጉዞው ቀን ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ።

ሲያበስሉም መጀመሪያ በቀዝቃዛ የተጣራ ውሃ 20 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ከዚያ ከነውሃው ያፍሉት፣ እሳቱን ያጥፉ፣ ድስቱን በጃኬት ጠቅልለው 10 ደቂቃ ያቆዩት። ጋዝም ይቆጥባል።

ጥያቄ፦ ጓዛችን በሦስት ዙር ነው የሚያልቀው። የአንድ ኪሎ ሜትሩ የየብስ መንገድ ግማሽ ቀናችንን ይበላል። ምን እንቀንስ?

መልስ፦ ኪሎውን ከመመዘናችሁ በፊት ሸክሙን ቁጠሩ። በአንድ ዙር የሚያልቅ ጓዝ 1 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ሁለት ዙር ሲሆን ለመመለስ ስለምትሄዱ 3፣ ሦስት ዙር ሲሆን 5 ኪሎ ሜትር ነው። አንዷን ዙር ማስቀረት በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሁለት ኪሎ ሜትር ያተርፍላችኋል።

አራት ሰውና ሁለት ታንኳ ከሆናችሁ ሁለት ዙር ማለት ስምንት ሸክም ነው። ሁለቱ ታንኳዎቹ ናቸው፤ በጀርባ የሚታዘል ስድስት ይቀራል። ሁለት ባለ 30 ሊትር የምግብ በርሜል፣ ሦስት ቦርሳ ለድንኳን፣ ለመኝታና ለልብስ፣ አንድ ቦርሳ ለማብሰያው፣ ለሸራውና ለመጠገኛው። ሰባተኛ ቦርሳ ከመጣ ውስጡ ያለው ወይ ከስድስቱ አንዱ ውስጥ ይገባል ወይ ቤት ይቀራል። ቤት ከሚቀሩት መጀመሪያ ወንበር፣ መጥረቢያ (መጋዝ ይበቃል)፣ ጂንስ ሱሪ፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ ናቸው። በእጅ የሚንጠለጠል ነገር ፈጽሞ አይኑር፤ መንገዱ ጫፍ ላይ የሚረሳው እሱ ነው። መቅዘፊያዎቹን ከታንኳው መቀመጫ ጋር እሰሯቸው።

ምግቡን በአንድ ባለ 60 ሊትር በርሜል ማድረግ ብዙዎች ይወዳሉ፤ እኛ አንመክረውም። ከ20 ኪሎ በላይ አንድ ጀርባ ላይ ይወድቃል፤ ታንኳው ተገልብጦ በርሜሉ ከተወሰደም የሁላችሁም ምግብ አብሮ ይሄዳል። የክዳኑን የጎማ ቀለበት ደግሞ በዘጋችሁ ቁጥር በጣታችሁ ዙሩት። አንዲት የሩዝ ፍሬ ተጣብቃ ከቀረች ውሃው የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ድብ ባለበት አገር በርሜል ብቻውን መከላከያ አይሆንም፤ ከድንኳኑ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፣ ከተሰቀለም ከመሬት 4 ሜትር፣ ከግንዱ 2 ሜትር ይሁን። ድብ የማይከፍተው ዕቃ መያዝ በሕግ ግዴታ በሆነበት ቦታ ግን ያንኑ መያዝ ነው።

ጥያቄ፦ ለአራት ሰው ለስድስት ቀን ስንት ጋዝ?

መልስ፦ ጠዋት 2፣ ማታ 3 ሊትር የምታፈሉ ከሆነ በቀን 5 ሊትር ነው። ነፋስ በሌለበት አንድ ሊትር ለማፍላት 15 ግራም ጋዝ ይበቃል፤ ነፋስና ቀዝቃዛ ውሃ ስላለ በ20 አስሉት። 600 ግራም ይመጣል፤ ባለ 230 ግራሙን ሦስት ጣሳ ያዙ። የመጠጥ ውሃችሁን በማጣሪያ ካላጣራችሁ ግን ይህ አይበቃም፤ ለመጠጥ የሚፈላ ውሃ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ደግሞ 3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት። ጣሳው ላይ የሚገጠመውን ምድጃ በነፋስ መከለያ ዙሪያውን አትዝጉት፤ ጣሳው ከጋለ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ገዝቼ የመኝታ ከረጢቴ ረጠበ። ለምን?

መልስ፦ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አፉ በቂ ስላልተጠቀለለ ነው። ከረጢቱን እስከ አፉ አይሙሉት፤ አየሩን በጉልበትዎ ተጭነው ያስወጡ፣ ጠርዙን አስተካክለው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጠቅልሉ፣ ከዚያ ይቆልፉ። የመኝታ ከረጢቱና አንድ ሙሉ ደረቅ ልብስ በራሳቸው ትንሽ ከረጢት ሆነው ትልቁ ውስጥ ይግቡ። ላይተር፣ ፊሽካና ቢላዋ ግን ቦርሳ ውስጥ አይሁኑ። ታንኳው ሲገለበጥ ከእርስዎ ጋር የሚቀረው የለበሱት ላይፍ ጃኬት ስለሆነ፣ ቦታቸው የጃኬቱ ኪስ ነው።