አንድ ዓይን ብቻ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ትዕግስቴ ስላለቀ ነው የምጽፈው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ የምኖር ሠዓሊ ነኝ። አንድ ደብር ለአዳራሹ ትልቅ ሥዕል አዘዘኝ። የቁልቢ ንግሥ ይሁን አሉ። ታህሳስ 19፣ ታቦቱ፣ ካህናቱ፣ ጃንጥላው፣ ስለቱን የተሸከመው ሕዝብ። ሁሉንም ሣልኩ። ጥግ ላይ ግን ጓዳውን ጨመርኩበት። አንዷ እንጀራ ትጋግራለች፣ አንዷ ጀሪካን ተሸክማለች፣ አንዷ ድስት ትፈትጋለች። ያን ሁሉ እንግዳ የሚያበላው ማን ሆነና?

ኮሚቴው አበደ። «ጭስና ጥላሸት ታቦት ፊት አይቆምም፣ አጥፋው!» ሦስቴ አመላለሱኝ። አንዱማ «የከፈልነው ለጋጋሪ ነው እንዴ?» አለኝ። እትዬ፣ ስብሰባ የገቡት እኮ ያንኑ እንጀራ በልተው ነው! ቀብዱን ደግሞ ጨርሼዋለሁ።

ጋጋሪዋ እናቴ ናት። በዚህ በድሬ ሙቀት ደብሩ ውስጥ ስትጋግር ሃያ ዓመት አልፏታል፣ ሰባራ ሳንቲም ተቀብላ አታውቅም። ጎንበስ ብላ እሳት ስትቆሰቁስ፣ በጎን ነው የሣልኳት። ስታየው «አንድ ዓይን ብቻ?» አለችና ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ብዙም አታወራኝም። እሱ ያልፋል። ላጥፋት ወይስ ልሟገት?

ሠዓሊው፣ ከከዚራ

አቦ፣ ምኑ ነው የሚያልፈው?

ኮሚቴውን ለጊዜው ተወው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየህ ነው ያደግከው። በድሮው አሣሣል ቅዱሳን ፊታቸውን ወደኛ አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማነው? ሰይጣን። ይሁዳ። እናትህ ፊደል ይቁጠሩ አይቁጠሩ አላውቅም፣ ይህን ግን ከግድግዳው አንብበውታል። ሃያ ዓመት ጋገሩ፣ ልጃቸው ከይሁዳ ጎን አሰለፋቸው። አንተ «የእሳቱ ብርሃን ጉንጯ ላይ አምሮ ነው» ትል ይሆናል። ይመር፣ ምን ያደርግላቸዋል?

በነገሩስ ካንተ ጋር ነኝ። በድሮ ሥዕሎቻችን ግርጌ ተደፍቶ የምናየው፣ ስሙም የሚጻፍለት፣ ከፍሎ ያሠራው ሰው ነው። ሊጡን ያቦካችውን አይቼ አላውቅም። እሷም ትግባ ማለትህ አንጀቴን አርሶታል።

ግን ጠየቅካቸው? ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፣ የለም። «ቀኝህ የሚሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል ይዘው ይሆናል እኮ ሃያ ዓመት ዝም ያሉት። ኮሚቴው ሊያጠፋቸው ይፈልጋል፣ አንተ ልታሳያቸው ትፈልጋለህ፤ ሁለታችሁም አፍ እንዳላቸው ረሳችሁ።

ዛሬ ማታ ቡናውን አንተ አፍላ። እሳቸው ይቀመጡ። ከሦስተኛው ስኒ በፊት ስለ ሥዕል እንዳታነሳ። ከዚያ «እማዬ፣ ልሣልሽ ወይስ ልተው?» በል። ተው ካሉህ በገዛ እጅህ አጥፋ። ሣለኝ ካሉ ግን ከምጣዱ ቀና አድርገህ፣ ሁለቱንም ዓይን ሣል። ያኔ ኮሚቴው አጥፋ ካለህ ሸራህን ጠቅልለህ ውጣ። ቀብዱን በየወሩ እየቆረጥክ ትመልሳለህ።